ባዶ መሬት የሚባለውን ነገር በተመለከተ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ያወጣችሁትን «ለስደተኛው ስንዴ ሳይሆን ማረሻ» የሚለውን ጽሁፍ ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ ቡና እየጠጣሁ፣ አንዴ ደግሞ ማታ መነጽሬን አድርጌ ቀስ ብዬ። ለስደተኛው ከራሽን ይልቅ የሚያርሰው መሬት ይሰጠው የሚለውን ዋናውን ሀሳብ አልቃወምም። ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ራሽን እየተሰፈረለት መኖር የለበትም፣ በዚህ የሚከራከር ሰው ያለም አይመስለኝም። ግን መሀል ላይ አንዲት አረፍተ ነገር አለች፣ «አፍሪካ ውስጥ ባዶ መሬት ሞልቷል፣ የጎደለው ፈቃደኝነት ነው» የምትል፣ እሷ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ደግሞ ጸሐፊዋ ይሄ ስደተኛን በእርሻ የማቋቋም ነገር ከነጻነት በኋላ የመጣ አዲስ ሀሳብ አስመስለው ነው ያቀረቡት። ኧረ አይደለም፣ ቅኝ ገዢዎቹ ሻንጣቸውን ከመሸከፋቸው በፊት በደንብ ሞክረውታል፣ የሞከሩበትም መንገድ ዛሬ ድረስ ሰው እያስከፈለ ነው።

መጀመሪያ እኔ ማን ነኝና ነው ይሄን የማወራው። ጡረታ የወጣሁ የግብርና ሰው ነኝ። በ1978 ዓ.ም. ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ወደሰፈሩበት መተከል ተመድቤ ሄድኩ። ስሄድ የተነገረኝ «መሬቱ ድንግል ነው፣ ሰው የለበትም» ተብሎ ነው። ስደርስ ሰው አለ፣ ጉሙዞች አሉ፣ በዶማ ነው የሚቆፍሩት፣ አንዱን ማሳ ጥቂት ዓመት ያርሱና ትተውት ወደሌላ ይሄዳሉ፣ የተውት መሬት ሳሩ ያድግበታል፣ ያንን ያየ የአዲስ አበባ ሰው ባዶ ነው ይላል። እኔም አልኩ እንግዲህ፣ አልዋሽም። «ለምንድነው በበሬ የማታርሱት» ብዬ አንድ ሽማግሌ ስጠይቃቸው በአስተርጓሚ «በሬ አምጣና እይ» አሉኝ። በሬ መጣ። ገንዲ፣ ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ፣ ጨረሰው። ስንቱ በሬ በየትኛው ወር እንደሞተ የጻፍኩበት ደብተር አሁንም ቤቴ አለ። የዝንቡን ነገር ሽማግሌው አያቶቻቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር፣ እኛ ዲፕሎማ ይዘን አላወቅነውም።

ከዛ በኋላ ነው ሌላው አገር እንዴት ሆኖ ይሆን እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት። ከዚህ ወዲያ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ታንጋኒካን እንውሰድ፣ የዛሬዋን ታንዛኒያ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳለቀ እንግሊዝ አገር የምግብ ዘይት ጠፋ፣ ህዝቡ በኩፖን ነው ቅባት የሚያገኘው። በ1946 አንድ የአጥኚ ቡድን ምስራቅ አፍሪካን ዘጠኝ ሳምንት ያህል ዞረና፣ ብዙውንም ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ እያየ፣ 1.3 ሚሊዮን ሄክታር ለውዝ ይዘራ፣ ኦቾሎኒ ማለት ነው፣ ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ዘጠኝ ሳምንት! እኔ አንድ ቀበሌ ለማወቅ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ዋናው ቦታ ኮንግዋ ነበር፣ መሀል አገር ላይ፣ የጎጎ ህዝብ አገር። ኮንግዋ ለምን ባዶ መሰለ? ዝናብ ስለማይታመን ነዋ። ጎጎዎች እያንዳንዱን ረሃብ ስም አውጥተው ነው የሚያስታውሱት፣ እኛ «ክፉ ቀን» እንደምንለው ሁሉ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የመጣውን ክፉ ረሃብ ምቱንያ ይሉታል። ረሃቡን በስም የሚጠራ ህዝብ አገር ላይ ሄዶ ለውዝ መዝራት ምን ይሉታል። ምድሩን ለመመንጠር ትራክተር ስላልተገኘ ከጦርነት የተረፉ ሸርማን ታንኮች ተለውጠው ትራክተር ተደረጉ፣ የባኦባብ ዛፍ ግን በቀላሉ አልነቀል አለ፣ አፈሩ ደግሞ ሸክላ ነገር ነው፣ ዝናቡ ሲቆምና ፀሐይ ሲመታው እንደ ጡብ ይደርቃል፣ ለውዝ ደግሞ ፍሬው መሬት ውስጥ ነው ያለው፣ በምን ይወጣል? በ1947 መጨረሻ ይመነጠራል የተባለው 150,000 ኤከር ነበር፣ የተመነጠረው 7,500 ብቻ። በ1951 ጥር ላይ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ 36 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገደል ገባ። ይሄ የስደተኛ ታሪክ አይደለም ልትሉኝ ትችላላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ግን አስተሳሰቡ ያው ነው፣ ካርታ ላይ ነጭ ሆኖ የታየ ሁሉ ሰው አልባ የሚመስለው አስተሳሰብ፣ ያ አስተሳሰብ ስደተኛ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሩዋንዳ ላይ ታይቷል።

ሩዋንዳን ነው በደንብ ማንሳት የምፈልገው።

ቤልጂየሞች ሩዋንዳ ህዝቧ በዝቷል፣ መሬት ጠቧል ብለው የሚያወጡት መፍትሄ ሁሌ ሰው ማዛወር ነበር። ከ1937 እስከ 1955 ድረስ የባንያርዋንዳ ፍልሰት ሚሲዮን የሚባል ፕሮግራም ነበራቸው፣ ባንያርዋንዳ ማለት የሩዋንዳ ሰዎች ማለት ነው፣ በዚያ አማካይነት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ድንበሩን አሻግረው ኮንጎ ውስጥ ሰሜን ኪቩ፣ ማሲሲ የሚባለው አገር፣ ጊሻሪ ላይ አሰፈሩ። ምክንያቱ ሁለት ነበር፣ አንዱ ረሃብና የመሬት ጥበት ነው፣ በ1943 እና 44 ሩዛጋዩራ የሚሉት ረሃብ አገሪቱን ጨርሷታል። ሁለተኛው ብዙ አይወራም እንጂ ኪቩ ውስጥ የነጮቹ እርሻ ጉልበት ይፈልግ ነበር። መሬቱ ደግሞ የሁንዴ ህዝብ ነው፣ ባለቤት አለው። ያኔ «የግብርና ሰፈራ» ተብሎ የተጻፈው ነገር በ1993 ማሲሲ ላይ የጎሳ ጦርነት ሆኖ ፈነዳ፣ «እናንተ መጤ ናችሁ፣ ዜጋ አይደላችሁም» «አይደለም ነን» እየተባባሉ፣ ዛሬም ኪቩ በዜና የማትጠፋው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሰፋሪውም አልበደለም፣ ባለመሬቱም አልበደለም፣ ውሉን የጻፈው ሰውዬ ብራስልስ ገብቶ ጡረታውን በላ።

ከዛ ህዳር 1959 መጣ። ሩዋንዳ ውስጥ የቱትሲዎች ቤት መቃጠል ጀመረ፣ በተለይ ሰሜኑ ላይ። ገና ነጻነት የለም፣ አስተዳዳሪዎቹ ቤልጂየሞች ናቸው፣ ነጻነቱ በ1962 ሐምሌ መጀመሪያ ነው የመጣው። ታዲያ ቤታቸው የተቃጠለባቸውን ሰዎች ምን አደረጓቸው? መኪና ላይ ጭነው ንያማታ ወሰዷቸው፣ ቡጌሴራ የሚባለው አገር፣ ከኪጋሊ በስተደቡብ። ቡጌሴራ ሰው ያልበዛበት ነበር፣ ሩዋንዳን የሚያህል የተጨናነቀ አገር ውስጥ ሰው ያልበዛበት ቦታ ካገኘህ ቆም ብለህ ጠይቅ እንጂ አትደሰት። ሞቃት ነው፣ ደረቅ ነው፣ ረግረጉ የወባ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የገንዲ ዝንብ ያለበት ነው። የሄዱት ሰዎች ደግሞ እነማን ናቸው፣ ከብት ያረቡ፣ ከብታቸው ክብራቸው የሆነ ሰዎች። ይሄን ሳነብ በደብተሬ የጻፍኳቸው በሬዎች ፊቴ ላይ መጡብኝ። ከብት አርቢን ከብት የማይኖርበት ቦታ አውርደህ ዶማ ሰጥተህ «ይኸው ልማት» ማለት ምን ዓይነት ነገር ነው? እነሱ ግን አረሱት፣ ጫካውን መንጥረው አቀኑት። ሠላሳ አራት ዓመት ቆይቶ በ1994 የንያማታ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሸሽቶ ገብቶ እዚያው አለቀ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አሁን የመታሰቢያ ቦታ ነው። እርሻው ነው ያስጨረሳቸው እያልኩ አይደለም፣ እንዲህ አልልም። ግን ሰውን ለይተህ አንድ ቦታ ስታከማች ለመዳን ብቻ አይደለም የምታከማቸው።

ድንበር የተሻገሩትም አሉ፣ ወደ ቡሩንዲ፣ ወደ ኮንጎ፣ ወደ ታንጋኒካ፣ ወደ ኡጋንዳ። ኡጋንዳ ያኔ ገና እንግሊዝ እጅ ናት፣ እስከ ጥቅምት 1962 ድረስ። ደቡብ ምዕራቡ ላይ ናኪቫሌና ኦሩቺንጋ የሚባሉ ሰፈሮች ተከፈቱ። ቤተሰቡ ቁራሽ መሬት ተሰጠው፣ ዘር ተሰጠው፣ እህሉ እስኪደርስ ራሽን ተሰፈረለት፣ ልክ ጸሐፊዋ እንዳሉት ማረሻ እንጂ ስንዴ አይደለም። ግን ወረቀት አልተሰጠም። መሬቱን ታርሰዋለህ፣ ያንተ አይደለም፣ ልጅህ እዚህ ይወለዳል፣ ዜጋ አይደለም። ናኪቫሌ ዛሬም አለ እኮ፣ ስደተኛ ዛሬም እየተቀበለ ነው፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆነው። ኦሩቺንጋ ሸለቆ ውስጥ ንሹንገሬዚ በሚባለው ሰፈር ካደጉት ልጆች አንዱ ፖል ካጋሜ ነው። በ1982 ደግሞ ምዕራብ ኡጋንዳ ውስጥ «ባንያርዋንዳ ውጣ» ተብሎ ያ ሁሉ ያረሰ፣ ያረባ ሰው ተባረረ። ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1990 ጥቅምት 1 ቀን እነዚያ ልጆች መሳሪያ ይዘው ወደ አባቶቻቸው አገር ገቡ። ሰው ሠላሳ ዓመት በቆሎና ባቄላ እየዘራ እንግዳ ሆኖ መኖር እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ።

ኬንያን ባጭሩ ልለፋት፣ ምክንያቱም ስለ እሷ ከጀመርኩ አላቆምም። ናይሮቢ የኖረ አበሻ የምዌያን ሩዝ ያውቀዋል፣ ፒሾሪ የሚሉትን፣ ሽታው የሚጣፍጠውን። የዚያ ሩዝ መስኖ ሲጀመር በማን ጉልበት ተቆፈረ መሰላችሁ፣ በማው ማው ዘመን፣ በእንግሊዝ ላይ በተነሳው አመጽ ጊዜ ማለት ነው፣ በታሰሩ ኪኩዩዎች ጉልበት ነው። በ1954 ስዊነርተን የሚባል የግብርና ባለስልጣን 5 ሚሊዮን ፓውንድ የተመደበለት ትልቅ እቅድ አወጣ፣ መሬት ይጠቃለል፣ ካርታ ይሰጥ፣ አፍሪካዊው ቡና ይትከል የሚል፣ እቅዱ በወረቀት ሲታይ ሸጋ ነው፣ እኔም ብሆን እፈርምበት ነበር። ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስከ 1955 ግን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ከየቤቱ ተነቅሎ ከ800 በላይ በሆኑ አዳዲስ መንደሮች ውስጥ ታጎረ፣ ዙሪያው ቦይ የተቆፈረበት፣ ሰዓት እላፊ ያለበት መንደር፣ ቀይ መስቀል ለተራቡ ህጻናት ወተት የሚያድልበት። ባለቤቱ እስር ቤትና መንደር ተዘግቶበት ሳለ ነው እንግዲህ መሬቱ የተለካው። ሆላ ላይ ደግሞ፣ እሱም የመስኖ እርሻ ነው፣ መጋቢት 3 ቀን 1959 ቁፋሮ አንወጣም ያሉ 11 እስረኞች ተደብድበው ተገደሉ፣ የመንግስት መጀመሪያ መግለጫ ውሃ ጠጥተው ነው የሞቱት የሚል ነበር። ውሃ!

እንደው ፍትህ ለማድረግ ጥሩ የሄደውንም ልናገር፣ ነገሩን ሁሉ ማጨለም አልፈልግም።

በ1961 መጀመሪያ አንጎላ ውስጥ፣ ባይሻ ደ ካሳንጄ በሚባለው አገር፣ ገበሬው ጥጥ አንዘራም ብሎ አመጸ። ግዴታ ነበር ጥጥ መዝራት፣ ኮቶናንግ የሚባል ኩባንያ በወሰነው ዋጋ ነው የሚረከባቸው፣ ጥጥ ደግሞ አይበላም። ዘሩን አቃጠሉት፣ ፖርቹጋሎች በአውሮፕላን ደበደቧቸው። መጋቢት ላይ ሰሜኑ የቡና አገር ተነሳ፣ እርስ በርስ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ ከዛ ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሰው ድንበር ተሻግሮ ኮንጎ ገባ። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ራሱ የግብርና ፖሊሲው ነው ስደቱን ካመጡት አንዱ። ኮንጎ ነጻ ከወጣች ገና አንድ ዓመቷ ነው፣ ራሷ ትርምስ ላይ ናት፣ ካምፕ የሚሰራ መንግስት የለም። ካምፕ ስላልነበረ ይመስለኛል የተሳካው! ከስደተኞቹ ብዙዎቹ ባኮንጎ ናቸው፣ ድንበሩ ወዲህም ወዲያም ባኮንጎ ነው፣ ቋንቋው አንድ፣ አማቱ እዚያ፣ አጎቱ እዚህ። የመንደሩ አለቆች መሬት አሳዩአቸው፣ የተባበሩት መንግስታት የስደተኞች ኮሚሽንና የቀይ መስቀል ሰዎች ዘርና ዶማ አመጡ፣ እህል እስኪደርስም ምግብ አቀረቡ። ካሳቫና ለውዝ ነው የዘሩት፣ ያው ለውዝ፣ 36 ሚሊዮን ፓውንድ ሳይፈጅ። መሬቱን ያሳያቸው የሚያውቀው ሰው ነው፣ ልዩነቱ ይሄ ነው ለኔ። የዘመኑ የእርዳታ ሰዎች ግን እንደሚገባኝ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት «ዘርና መሳሪያ ስጥ» የሚለውን ብቻ ነው፣ አጎትየውን ረሱት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ማን ስደተኛ ይባላል የሚለው ጉዳይ። ያኔ በዚያው በቅኝ ግዛት ዘመን ከሶቪየት በኢራን በኩል የወጡ ወደ 5 ሺህ የሚሆኑ ፖላንዳውያን አሩሻ አጠገብ ቴንጌሩ ላይ ሰፍረው ነበር፣ ከ1942 ጀምሮ። ትምህርት ቤት ነበራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሀኪም ቤት፣ የጓሮ አትክልትም ያለሙ ነበር፣ መቃብራቸው አሁንም ይጠበቃል። ደግ ነው፣ ሰው ናቸው፣ ብዙ መከራ ያዩ ናቸው። ከነሱ ቀድሞ ደግሞ ጣልያን አገራችንን ሲወር በሺህ የሚቆጠሩ የኛ ሰዎች በሞያሌ በኩል ኬንያ ገብተው እንግሊዞች ኢሲዮሎ፣ በኋላም ታቬታ ካምፕ አስገብተዋቸዋል። ስለ ፖላንዶቹ የሚታይ መቃብርና ሀውልት አለ፣ ስለ ኢሲዮሎዎቹ ከኛ መሀል ስንቱ ያውቃል? ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ራሱ ከ1951 ጥር 1 በፊት በሆነ ነገር ለተሰደደ ሰው ብቻ ነበር የሚሰራው፣ ስለዚህ ያ ሁሉ የሩዋንዳና የአንጎላ ሰው በህጉ ፊት ስደተኛ አልነበረም፣ በ«መልካም ፈቃድ» ነው የሚረዳው። ይሄን ያስተካከለው አንዱ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ነው፣ እዚሁ አዲስ አበባ በመስከረም 1969 የተፈረመው፣ በወረራም በውጭ አገዛዝም በአገር መታወክም የሸሸ ሁሉ ስደተኛ ነው ያለው። ጽሁፋችሁ ጄኔቫን አራት ጊዜ ጠርቶ አዲስ አበባን አንዴም አለመጥራቱ ትንሽ ከነከነኝ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጸሐፊዋ የጎበኙትን ቦታ በፎቶ አይቼዋለሁ፣ ሳሩ ወገብ ይደርሳል፣ ያምራል። የእኔ ጥያቄ፣ ፎቶው በየትኛው ወር ነው የተነሳው? ያ ሳር በጥርና በየካቲት ምን ይመስላል? እዚያ አካባቢ ያሉት ሰዎች ከብታቸውን ለምን እዚያ ሳር ላይ አያሰማሩም፣ ጠይቀዋቸዋል? ወይስ ያሰማራሉ፣ ግን ጽሁፋችሁ የወጣው ከብቶቹ ሌላ ቦታ በሄዱበት ወቅት ነው? ስደተኛው ሲያርስ የሚሰጠው ወረቀት ምን ይላል፣ ለስንት ዓመት ነው? በጽሁፉ ውስጥ ሚኒስትር ተጠይቋል፣ የውጭ ድርጅት ሰው ተጠይቋል፣ የስደተኞቹ ተወካይም አንድ መስመር ተሰጥቶታል፣ የዚያ መሬት ጎረቤት ገበሬ ግን አንድም ቃል የለም።

በሚቀጥለው ጸሐፊዋ ወደዚያ ሲሄዱ ከቢሮው በፊት የከብት ገበያው ቀን ይግቡ፣ የትኛው ከብት ከየት እንደመጣና ለምን እንደከሳ እዚያ ይነግሯቸዋል፣ እኔ መተከል ላይ የተማርኩትን የተማርኩት ገበያ ላይ ነው። ደብተሬንም ማየት ከፈለጉ ደስ ይለኛል፣ አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻ ልኬያለሁ። ሽፋኑን ምስጥ በልቶታል እንጂ ውስጡ ይነበባል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው የግብርና ሰራተኛ፣ ከባህር ዳር